የመኪናው መስታወት በምን ይቆማል?

(በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ በእነዋሪ ከተማ ለሕዝብ ከተደረገ ንግግር ለኅትመት የተስተካከለ)

በዚህ ብርድ ከብቱን አስገብታችሁ፣ ከምድጃው ዳር ተነሥታችሁ ስለ መኪና በር ለመስማት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። ቅድም ይህን በር ጠረጴዛው ላይ ሳቆምና ባትሪውን ከጎኑ ሳስቀምጥ አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ሌላው መኪናስ የት ቀረ?" አሉኝ። ሌላው መኪና የለም። ዛሬ የምንጫወተው ስለ በሩ ብቻ ነው፤ ከበሩም ቁልፍ ሲጫኑት ስለሚወጣውና ስለሚወርደው መስታወት።

እኒሁ አባት ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሌላ ጥያቄ ጨመሩልኝ፦ "መስታወት ለመዝጋት ደግሞ ሞተር ምን አስፈለገ?" ጥያቄው ከንግግሬ ይበልጣልና በሆዴ ይዤዋለሁ። ሰው ይህን መሣሪያ ሲያይ የሚያስበው መስታወቱ እንዴት እንደሚነሳ ነው። እኔ ግን ሃያ ዓመት ያህል የመኪና በር ስፈታና ስገጥም የተረዳሁት፣ ማንሳቱ ቀላሉ ሥራ መሆኑን ነው። ከባዱ መስታወቱን ባለበት ማቆም ነው፤ ከዚያም የሚከብደው በትክክለኛው ሰዓት ማቆም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መስታወቱን ምን እንደሚያነሳውና ምን እንደሚይዘው፣ ቀጥሎ የእኛ አገር አቧራና ዝናብ በሩ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ፣ በመጨረሻም መስታወቱ መንገዱ ላይ የልጅ እጅ ቢያገኝ ያውቅ እንደሆነ እናያለን። እውነቱን ለመናገር የመጣሁት ለመጨረሻው ነው፤ የቀረው ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ከእጀታው ልጀምር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን መኪና እየነዳ አዲስ አበባ አፄ ምኒልክ ዘንድ ሲደርስ፣ መኪናዋ እንደ ዘመኗ እኅቶቿ ክፍት ነበረች፤ የሚዘጋም የሚከፈትም የጎን መስታወት አልነበራትም። መኪና ጣሪያና በር ሲያወጣ መስታወት መጣ፤ መስታወቱም ከእጀታ ጋር መጣ። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ የሄደ ሰው እጀታን በደንብ ያውቃል። አንዳንዱ ባለ ታክሲ ለአራቱ በር የቀረችው እጀታ አንዲት ብቻ ስለነበረች እሷን ከጎኑ ሸጉጦ ይሄድ ነበር። "ሹፌር፣ ሙቀት ገደለን" ሲባል እጀታዋን ወደ ኋላ ያቀብላል፤ ተሳፋሪው በበሩ ጥርስ ላይ ሰክቶ ያዞርና ይመልሳል። ያ ሰው እጀታዋን ነቅሎ ሲመልስ መስታወቱ ቁልቁል አይወድቅም ነበር። ለምን? አራት ኪሎ ያህል የሚመዝን መስታወት፣ የያዘው እጅ ከሄደ በኋላ ምን ያዘው? ይህን የጠየቀ ሰው ግማሹን ትምህርት አግኝቷል።

በእጀታ ዘመን የያዘው እጀታው ሥር የተጠመጠመ የብረት ስፕሪንግ ነበር። እጀታውን ስታዞሩት ስፕሪንጉ ይላላል፤ መስታወቱ ራሱ ሊያዞረው ሲሞክር ግን ስፕሪንጉ የተቀመጠበትን ቤት ግድግዳ ጥርቅም አድርጎ ይነክሳል። ከእጅ በኩል የመጣው ኃይል ያልፋል፤ ከመስታወቱ በኩል የመጣው ይታገዳል። የኤሌክትሪኩ መስኮት የወረሰው ይህንኑ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ይቺ ጡጫ የምታህል ነገር ሞተሯ ናት። ውስጧ ሁለት ቋሚ ማግኔቶችና በመካከላቸው የሚሽከረከር፣ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ዘንግ አለ። ከባትሪው ፖዘቲቩን በአንዱ ገመድ፣ ኔጋቲቩን በሌላው ብትሰጧት ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ ገመዶቹን ብታቀያይሩባት ወደ ግራ። መውጣትና መውረድ ማለት ይኸው ነው። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ ሥራው ሁለቱን ገመዶች ማቀያየር ነው፤ በአንዳንድ መኪና በቀጥታ፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ ለኮምፒውተር ምልክት ሰጥቶ በሪሌ በኩል።

ቁልፉን ማንም ሳይነካው ሁለቱም የሞተር ገመዶች ያሉት ማሳ ላይ ነው። ገበሬዎች ስትስቁ አያለሁ። እናንተ ማሳ የምትሉት ሌላ ነው፤ መካኒክ ማሳ የሚለው ከጣሊያን የተረፈ ቃል ነው፤ የመኪናውን ላሜራ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ የታሰረበትን አካል ማለቱ ነው። ሁለቱ ገመዶች ማሳ ላይ ሲያርፉ እርስ በርሳቸው የተገናኙ ያህል ነው። እንዲህ የታሰረን ሞተር በጣታችሁ ለማዞር ብትሞክሩ ይከብዳችኋል፤ ሲዞር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጭና ያ ኤሌክትሪክ ተመልሶ ይጎትተዋልና። ስለዚህ ቁልፉን ስትለቁት ሞተሩ መብራት የተቋረጠበት ብቻ አይደለም፤ ፍሬን የተያዘ ያህል ነው። ከማቆሚያዎቹ የመጀመሪያው ይህ ነው።

ከዚሁ ሳንወጣ ጋራዥ ለምትውሉ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። በብዙ መኪኖች የጋቢናውና የኋላዎቹ ቁልፎች ማሳ የሚያገኙት በሹፌሩ በር ባለው ዋና ቁልፍ በኩል አልፈው ነው። የሹፌሩ ቁልፍ ውስጥ ያለው መገናኛ ከተቃጠለ ወይም አቧራ ከያዘው፣ የጋቢናው መስታወት በራሱ ቁልፍም እምቢ ይላል። ስንቱ ሰው የጋቢናውን በር ፈትቶ፣ ደህናውን ሞተር አውጥቶ፣ ሌላ ሞተር ገዝቶ ገጥሞ፣ መስታወቱ ያው እንደተኛ ቀርቶበታል! በሽታው ያለው ከሹፌሩ ክርን ሥር ነበር።

ሁለተኛው ማቆሚያ ከሁሉ የሚያምረው ነው። ሞተሩ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ይዞራል። መስታወቱ በዚያ ፍጥነት ቢወጣ ጣሪያውን በስቶ በሄደ ነበር። ስለዚህ ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ቪቴ የተጠመዘዘ ጥርስ አለ፤ እሱም አንድ የፕላስቲክ ጥርስ መንኮራኩር ያዞራል። ሞተሩ ስልሳ፣ ሰባ ጊዜ ሲዞር መንኮራኩሩ የሚዞረው አንድ ጊዜ ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ይጨምራል። ይህ ግማሹ ሥራው ነው። ሌላውን ግማሽ ለመረዳት ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ከእነዋሪ ሜዳ ጫፍ እንቁም።

ሜዳው አልቆ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁለቱ የሚጀምርበትን ታውቁታላችሁ። ገደሉን ቀጥ ብሎ የሚወርድ አቋራጭ አለ፤ እየተጠማዘዘ በዝግታ የሚወርድም መንገድ አለ። የተጫነች አህያ በአቋራጩ ላይ ብታቆሟት እግሯ ይከዳታል፤ ጭነቷ ይገፋታል። በተጠማዘዘው መንገድ ላይ ግን ዳገቱ ለስላሳ ስለሆነ ያለ አንዳች ድጋፍ ትቆማለች፤ ከፈለገች ትተኛለች። ቪቴ ማለት በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ጠማማ መንገድ ነው። የሞተሩ ጥርስ ዳገቱ እጅግ ለስላሳ ስለሆነ፣ መስታወቱ በክብደቱ መንኮራኩሩን ወደ ኋላ ሊያዞር ቢገፋ ጥርስ በጥርስ ላይ መንሸራተት አይችልም፤ ሰበቃው ከግፊቱ ይበልጣል። ሞተሩ መስታወቱን ማንሳት ይችላል፤ መስታወቱ ግን ሞተሩን ማዞር አይችልም። ሌባ ከውጭ በመዳፉ ተጭኖ መስታወቱን ለማውረድ ሲታገል ዋናው የሚገጥመው ይህ ለስላሳ ዳገት ነው። ባትሪው ቢሞትም፣ ቁልፉ ቢነቀልም፣ ዳገቱ እዚያው ነው።

ይህ ግን በነፃ አልተገኘም። ተማሪዎች ደብተር አውጡ። መስታወቱ አራት ኪሎ፣ የሚወጣው 45 ሴንቲ ሜትር፣ የሚፈጅበት አራት ሰከንድ ነው እንበል። ለማንሳት ብቻ የሚያስፈልገው ሥራ 18 ጁል አይሞላም፤ በአራት ስታካፍሉት አራት ዋት ከምናምን ይሆናል። ሞተሩ ደግሞ ከባትሪው 7 አምፔር ያህል በ12 ቮልት ሲስብ 84 ዋት ነው። ከሃያ አንድ እጁ ብቻ መስታወት አነሣ ማለት ነው። የቀረውስ? ከፊሉ ሞተሩ ውስጥ ሙቀት ሆነ፤ ከፊሉ በዚያ ለስላሳ ዳገት ላይ በሰበቃ አለቀ፤ ከፊሉን ደግሞ መስታወቱን ግራና ቀኝ የሚይዘው ጎሚኒ በላው። መሐንዲሶቹ ብክነቱን እያወቁ የከፈሉት መስታወቱ እንዲቆምላቸው ነው። እኔ በበኩሌ ዋጋው ተገቢ ነው እላለሁ፤ ለመቆም ሌላ ፍሬን ሳይጨምሩ ያንኑ ጥርስ ማንሻም ማቆሚያም አደረጉት።

ትንሿ ሞተር በየበሩ ከመግባቷ በፊት፣ አሜሪካኖቹ ፓካርድ በሚባል መኪና ላይ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የገጠሙት መስኮት በዘይት ግፊት የሚሠራ ነበር። ፓምፕ አለ፣ የዘይት ቱቦ በየበሩ ይገባል፤ ዘይት በቱቦ ከተጓዘ ደግሞ አንድ ቀን ማፍሰሱ አይቀርም። በየበሩ የራሱ ትንሽ ሞተር ሲገጠም በሩና ሌላው መኪና የሚገናኙት በገመድ ብቻ ሆነ።

ከመንኮራኩሩ እስከ መስታወቱ ያለውን በፍጥነት ልለፍ። ሁለት ዓይነት ማንሻ አለ። የድሮው እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚታጠፍ የብረት ክንድ ነው፤ ከባድ ነው፣ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። አዲሱ የብስክሌት ፍሬን የሚመስል ቀጭን የሽቦ ገመድ ነው፤ ገመዱ ትንሽ ከበሮ ላይ ይጠመጠማል፣ በሐዲድ ላይ የሚሄድ የፕላስቲክ መያዣ ይጎትታል፣ መያዣው መስታወቱን ታችኛው ጠርዙ ላይ ቆንጥጧል። እኔ ዘንድ ከሚመጡት መስኮቶች አብዛኞቹ የሚሞቱት በዚህች መያዣ ነው። እዩዋት፤ ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። በሩን ከፍታችሁ ባንጓጓችሁ ቁጥር የመስታወቱን ክብደት የምትችለው እሷ ናት።

በዚሁ ወደ ሁለተኛው ክፍል ገባን፤ አቧራና ዝናብ። እዚህ ላይ እናንተ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ።

የእነዋሪ አፈር ጥቁር ነው፤ በበጋ እንደ ዱቄት ይቦናል፣ በክረምት እንደ ሙጫ ይይዛል። በጋ ላይ በጠጠር መንገድ መኪና ሲሄድ ያ ዱቄት መስታወቱ በሚንሸራተትበት ጎሚኒ ውስጥ ይገባል። መስታወቱ በወጣና በወረደ ቁጥር አቧራው ይፈጫል፤ ሰበቃው ይጨምራል፤ በሩ ጥቂት ወር ሲቆይ አራት ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ስምንት ይፈጃል። ባለ መኪናው ያያል፣ ያዝናል፣ ከዚያ ጎሚኒውን ግራሶ ይቀባዋል። ወዳጆቼ፣ ይህን አታድርጉ። ግራሶ ለብረት ሐዲዱ ነው። ጎሚኒ ላይ የተቀባ ግራሶ አቧራውን ይጠራዋል፤ ከአቧራው ጋር ተለውሶ የወፍጮ ድንጋይ ይሆናል። ጎሚኒውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ሲሊኮን የሚባለውን ስስ ቅባት መንፋት ይበቃል። የዘገየ መስኮት ከተቃጠለ ሞተር ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው እርጥብ ጨርቅ ነው።

ዝናቡስ? በሩ ውኃ የማያስገባ ይመስላችኋል። በጥንቃቄ የተሠራ በር ግን ውኃ እንዲገባበት ታስቦ የተሠራ ነው። ዝናብ መስታወቱን እየታጠበ ወርዶ ከታችኛው ጎሚኒ አልፎ በሩ ሆድ ውስጥ ይገባል። ጎሚኒው ሁሉን ያግድ ቢባል መስታወቱን አንቆ ይይዘውና ሞተሩ አያነሳውም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ውኃውን ከመከልከል መሸኘትን መረጡ፤ በበሩ ታችኛው ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች በስተው ውኃው በዚያ እንዲፈስ አደረጉ።

ይህን ጥበብ ማን ያውቀዋል? የጅሩ ገበሬ። ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠግብ አያሳልፍም፤ ስንዴውም ምስሩም ሥሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ ቢጫ ይሆናል። የእነዋሪ ገበሬ ግን ማንም ሳያስተምረው መሬቱን በእጁ ሰፊ መደብ እያደረገ፣ በመደቦቹ መካከል ቦይ እያወጣ ውኃውን ሸኝቶ ኖሯል። ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ጥቁር አፈር ውኃ አወራረድ ሲያጠና ካተኮረባቸው ቦታዎች አንዷ እነዋሪ ነበረች፤ ይህ የእጅ ሥራም በጥናቶቹ ተጽፏል። ዝናብን መከልከል አይቻልም፤ መንገድ ግን ይሰጠዋል። ቅድም በማሳ የሳቃችሁ ገበሬዎች፣ በሩም የእናንተ ማሳ ነው።

ቦዩ ሲደፈንስ? በክረምት ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና የበሩን ታችኛ ጠርዝ ጥቁር አፈር ይለጥፍበታል፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ከዚያ ዝናቡ በገባ ቁጥር በሩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። በሩን ስትከፍቱ ቋ፣ ቋ የሚል የእንስራ ድምፅ ከሰማችሁ ያ ነው። ውኃው መጀመሪያ ላሜራውን ያዝገዋል፤ ከፍ ሲል የማንሻውን ገመድ፤ ሲቆይ ሞተሩን። መድኃኒቱ ቀጭን እንጨት ነው፤ ከጠርዙ ሥር ቀዳዳዎቹን እየፈለጉ መጎርጎር። ሹል ብረት አትጠቀሙ፤ ቀለሙን ከላጣችሁት ዝገቱን ራሳችሁ ጋበዛችሁት ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፦ የበሩን የውስጥ ሽፋን በካቻቢቴ ስትነቅሉ ከሥሩ አንድ ስስ ላስቲክ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ብዙ መካኒክ ይቀደውና ጥሎት ይገጥማል፤ እኔም ተለማማጅ ሳለሁ ስንቱን ጥያለሁ። ላስቲኩ ግድብ ነው፤ በሩ ሆድ ውስጥ የገባውን ውኃ ወደ ሰው እንዳይመጣ ወደ ታች የሚመልስ። ላስቲኩ የሌለው መኪና በክረምት ምንጣፉ ይርሳል፤ ባለቤቱም ከጣሪያ እየፈሰሰ ነው ብሎ ጣሪያ ያስፈትሻል።

የታመመ መስኮት ሲያጋጥማችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ጆሯችሁን በሩ ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ፍጹም ዝም ካለ ቫልቮላው፣ ቁልፉ ወይም ገመዱ ላይ ሂዱ፤ ሞተሩ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ሞተሩ እየጮኸ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ያች ትንሽ መያዣ ተሰብራለች። እየተጎተተ ወጥቶ መሀል ላይ ከቆመና፣ ጥቂት ደቂቃ አርፎ እንደገና ከሠራ ደግሞ ሞተሩ ውስጥ ያለው የሙቀት መከላከያ ነው የቆረጠው። ሞተሩ ሲደክም ይሞቃል፤ ሲሞቅ መከላከያው መስመሩን ይቆርጣል፤ ሲበርድ ይመልሳል። ባለ መኪናው "ተሻለው" ይላል። አልተሻለውም፤ አረፈ እንጂ። ይህ መከላከያ ሦስተኛው ማቆሚያ ነው። መስታወቱ ከላይ ደርሶ እያለ ቁልፉን ተጭኖ የሚቆይ ሰው ስላለ ነው የተሠራው፤ ከሞተሩ በፊት እሱ ይሸነፋል።

አሁን ወደ መጣሁበት ደረስኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር፣ አንድ ሰርግ አጅበን በዚሁ ወረዳ ወደ ገጠር እንሄድ ነበር። ስንት መኪና እንደነበርን አላስታውስም፤ አቧራው ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። የእኅቴ ልጅ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከኋላ ወንበር ላይ ተንበርክካ፣ ግማሽ አካሏን በመስኮቱ አውጥታ፣ እልል እያለች ታጨበጭባለች። ከፊታችን ያለው መኪና ወደ ጠጠር መንገድ ሲገባ አቧራው እንደ ጉም ተነሣ። ሹፌሩ፣ ደግ ሰው፣ እንግዶቹን ከአቧራ ለማዳን ብሎ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ አራቱንም መስኮት ከእሱ በር መዝጋት ጀመረ። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። መጀመሪያ የሰማሁት እልልታው መቆሙን ነው። ዞር ስል መስታወቱ ብብቷ ሥር ደርሷል። "ክፈት!" ብዬ ስጮህ ሹፌሩ ደነገጠና ለቀቀው፤ መልቀቁ ግን መክፈት አይደለም። ቅድም ያመሰገንኩት ለስላሳ ዳገት መስታወቱን ባለበት ያዘው፤ በእጄ ብጫነው አልወርድ አለ። ቁልፉን ወደ ታች እስኪያገኘው ድረስ ያለፈው ሦስት ሰከንድ ይሆናል። ልጅቱ ብብቷ ላይ ሰንበር ወጥቶባት ቀረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያ መስታወት ክንዷን ሳይሆን አንገቷን አግኝቶ ቢሆን ግን ዛሬ እዚህ ቆሜ አላወራም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ይህን መሣሪያ በሌላ ዓይን አየሁት። ሌባን የሚከለክለው ዳገት ልጅንም ይይዛል። ማቆሚያዎቹ ሁሉ መስታወቱንና ሞተሩን የሚጠብቁ ነበሩ፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል፣ መስታወቱ እንዳይወድቅ። እጅ አለ ብሎ የሚያቆመው ግን የትኛው ነው?

በዓለም ላይም ይህ ጥያቄ የተነሣው በልጆች ሞት ነው። አንዱ ምክንያት የቁልፉ ቅርጽ ነበር። እንደ ሚዛን በአንዱ ጫፍ ሲጫኑት የሚከፍት፣ በሌላው ሲጫኑት የሚዘጋ ቁልፍ በሩ መደገፊያ ላይ ሲቀመጥ፣ አንገቱን አውጥቶ የሚያይ ሕፃን በገዛ ጉልበቱ ረግጦት መስታወቱን በራሱ ላይ ይዘጋዋል። አሜሪካ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ እንዲህ ያለው ቁልፍ ቀርቶ፣ መስታወት ለመዝጋት ቁልፉን በጣት ወደ ላይ መሳብ ግድ እንዲሆን ወሰነች። ጉልበት መጫን ይችላል፤ መሳብ ግን አይችልም። በዚህ ሁሉ ንግግሬ ከጠቀስኳቸው ፈጠራዎች ርካሹ ይህ ነው፤ ሽቦ አልጨመረም፣ ኮምፒውተር አልጨመረም፤ የፕላስቲኩን ቅርጽ ብቻ ለወጠ። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጨዋለሁ። ዛሬ ስትወጡ ውጭ የቆሙትን መኪኖች ቁልፍ እዩ፤ የሚሳብ ነው ወይስ የሚረገጥ?

ሁለተኛው መልስ መስታወቱ ራሱ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ኤድዊን ሆል የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ በ1879 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ስስ ወርቅ አጠገብ ማግኔት ሲቀርብ፣ ወርቁ ላይ በአግድም አነስተኛ ቮልት እንደሚፈጠር አገኘ። ያኔ ለምን ይጠቅማል ብትሉት መልስ አልነበረውም። ዛሬ በመስኮቱ ሞተር ዘንግ ላይ ትንሽ ማግኔት ተተክላ፣ አጠገቧ በሆል ግኝት የሚሠራ ቅንጣት ተቀምጦ፣ ዘንጉ በዞረ ቁጥር አንድ ምት ይልካል። ኮምፒውተሩ ምቱን ይቆጥራል። ከቆጠራው መስታወቱ የት እንደደረሰ ያውቃል፤ በምቶቹ መካከል ካለው ጊዜ ፍጥነቱን ያውቃል። መስታወቱ ጫፍ ሳይደርስ ምቶቹ በድንገት ከተራራቁ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሞተሩን ያቆምና ወደ ታች ይመልሰዋል። የአውሮፓው ደንብ መስታወቱ በራሱ ሲዘጋ የሚጫነው ኃይል ከ100 ኒውተን እንዳያልፍ ይላል። ይህም አሥር ኪሎ ጤፍ እጃችሁ ላይ እንደተቀመጠ ያህል ነው፤ ያምማል፣ አይሰብርም።

እዚህ ላይ የቀደሙት ክፍሎች ተመልሰው ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው "ከበደ" የሚለውን ብቻ ነው፤ ለምን እንደከበደ አያውቅም። በአቧራ የተፈጨ ጎሚኒና የልጅ እጅ ለእሱ ሁለቱም ዘገምታ ናቸው። በአንዳንድ መኪና መስታወቱ ሊዘጋ ሲል ያለ ምክንያት ተመልሶ ይከፈታል፤ ባለቤቱም ተበላሸ ብሎ ይናደዳል። አልተበላሸም፤ ጎሚኒው ቆሽሾ እጅ መስሎት ነው። እርጥብ ጨርቁን አስታውሱት። ደግሞ ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ ቆጠራው ሊጠፋበት ይችላል፤ ያኔ አንዴ ነክተው ሲለቁት ጥርቅም ብሎ ይዘጋ የነበረው መስኮት በራሱ መሄዱን ይተዋል። በብዙ መኪና መፍትሔው መስታወቱን እስከ ላይ አድርሶ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ እንደሳቡ መቆየት ነው፤ ጫፉን ያውቅና መቁጠር ይጀምራል።

አንድ ወጣት ቅድም፣ "አሁን ኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ የለም ወይ? ይህ ሁሉ ያረጃል" ብሎኛል። አገራችን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሏን እናውቃለን። ግን በኤሌክትሪኩም መኪና ውስጥ፣ ከወለሉ ሥር በመቶዎች ቮልት የሚቆጠር ባትሪ ተኝቶ እያለ፣ መስኮቱን የሚያነሳው በአብዛኛው ያው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። ሞተሯም፣ ለስላሳው ዳገትም፣ የበሩ ሥር ቀዳዳም እዚያው ናቸው።

ስለ ቅድሙ ጥያቄ፣ አባባ፣ መስታወት ለመዝጋት ሞተር አያስፈልግም ነበር፤ እጅ ይበቃ ነበር። እጅ ሲዘጋ ግን የሚዘጋው ሰው መስታወቱ አጠገብ ነው፤ ነገር ሲይዘው ይሰማዋል፣ ያቆማል። ሞተሩ ሲመጣ ሹፌሩ ከፊት ተቀምጦ የኋላውን መስኮት መዝጋት ቻለ፤ የኋላው እጅ ግን አይሰማውም። ያን የጠፋ ስሜት ለመመለስ ነው ሆልም፣ ኮምፒውተሩም፣ 100 ኒውተኑም የመጡት። መኪናችሁ ይህ ከሌለው፣ ወይም እንደ ብዙዎቹ ያለው በሹፌሩ መስኮት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሹፌሩ በሩ ላይ የመስኮት ሥዕል ያለባትን መቆለፊያ ተጭኖ ልጆች እንዳይነኩት ያድርግ፤ ከመዝጋቱ በፊትም ዞር ብሎ ይይ።

ይህ ጠረጴዛ ላይ ያለው በር የድሮ ነው፤ ሆልም ኮምፒውተርም የለውም። ባትሪው ተገናኝቷል። ይህ ካሮት ከገበያችሁ ዛሬ ጠዋት የገዛሁት ነው፤ ውፍረቱን ከአምስት ዓመት ልጅ ጣት ጋር አስተያዩት። ከፊት ወንበር ያለኸው፣ አዎ አንተ፣ ና ያዝልኝ፤ ከጫፉ፣ እጅህን ከመስታወቱ አርቀህ። ዝም በሉና ስሙት። እጫነዋለሁ።